አርቲስት ደበበ እሸቱ በሁለት ፊልም

ደበበ እሸቱን ብዙዎቻችን የምናውቀው በመድረክ ሰውነቱ ነው። እስቲ በፊልም እንየው። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» ውስጥ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ፊልሙ አፍሪካውያንን ለጉልበት ሥራ ወደ አውሮፓ ስለሚያሻግሩ ደላሎች ነው (ለገዳሪፍ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም!)። ታሪኩ ግን የአሜሪካዊው የሻፍት ስለሆነ ለደበበ የተረፈው ቦታ ጠባብ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቀይ ቅጠሎች» ግን ፊልሙ በሙሉ እሱ ትከሻ ላይ ነው። ሚስቱ ሞታበት፣ ቤቱን ሸጦ፣ እስራኤል ውስጥ ከልጅ ቤት ወደ ልጅ ቤት የሚዞር ቤተ እስራኤላዊ አባት ሆኗል። ዳይሬክተሩ ባዚ ጌቴ መነሻ ያደረገው የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ነው። አባትየው ግትር ነው፣ ይቆጣል፣ ያስቸግራል። ደበበም እዘኑልኝ ብሎ አይለምነንም፤ ችሎታው እዚህ ላይ ነው እንላለን። ልጆቹ ሲናገሩ እውነት አላቸው፤ እሱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደሞ እውነቱ ወደሱ ይዞራል።

ታሪኩ ለኛ ሩቅ አይደለም። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴ ከተወሰዱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተጠለሉት እዚሁ ገዳሪፍ፣ ኡም ራኩባና አካባቢው ነበር። መምህራን ፊልሙን ካገኛችሁት ለተማሪዎች አሳዩና ጠይቋቸው፦ አባት በአማርኛ ተናግሮ ልጅ በሌላ ቋንቋ ሲመልስለት፣ የደበበን ፊት አይታችኋል?