እናንተዬ፣ ይህን ስካላር የሚሉትን አይታችሁታል?

ካላያችሁት፣ ይህን ጽሑፍ አቋርጣችሁ ብትሄዱ አልቀየምም። ካያችሁት ግን እቀየማለሁ፤ እንዴት እስካሁን ዝም ትሉኛላችሁ? የማወራው ስለ ኤፒአይ ዶክመንቴሽን ነው። አዎ፣ ስሙ ሲጠራ እንቅልፍ ስለሚያመጣው ስለዚያ ሰነድ፤ አንዱ ሶፍትዌር ሌላውን ምን ብሎ እንደሚጠይቅና ምን መልስ እንደሚያገኝ ስለሚዘረዝረው። ስካላር ይህን ሰነድ ድረ ገጻችሁ ውስጥ አስገብቶ ነፍስ ይዘራበታል። አንባቢው እያነበበ፣ ከገጹ ሳይወጣ፣ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ልኮ መልሱን እዚያው ያያል። ክፍት ምንጭ ነው፤ በኤምአይቲ ፈቃድ የተለቀቀ፤ ሳንቲም አይጠይቅም።

አሠራሩን ስሙኝና ተደመሙ። የኤፒአያችሁን ጠባይ የሚገልጽ የኦፕንኤፒአይ ፋይል አላችሁ እንበል። ፋስትኤፒአይ የተባለውን የፓይተን መሣሪያ ለሚጠቀም ሰው ይህ ፋይል ከፓይተን ኮዱ በራሱ ይወጣል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፈውም። ከዚያ ባዶ የኤችቲኤምኤል ገጽ ትከፍቱና ሁለት ነገር ብቻ ታስገባላችሁ፦ ስካላርን የሚጠራ የስክሪፕት መስመር፣ ከእሱም ጋር ፋይሉ ያለበትን አድራሻ። በቃ! ሪአክት ጫን የለ፣ ቢልድ አድርግ የለ፣ ማታ ሙሉ ከኮንፊገሬሽን ጋር መታገል የለ። ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉት ሙሉ ዶክመንቴሽን ፊታችሁ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ።

የራሳችሁ ኤፒአይ ከሌላችሁም አትከፉ። ሠሪዎቹ ስካላር ጋላክሲ የተባለ የመለማመጃ ኤፒአይ አዘጋጅተዋል፤ ሥራው ስለ ፕላኔቶች ነው። በግራ በኩል ዝርዝሩ ይደረደራል፦ ፕላኔቶችን ሁሉ አምጣ፣ አንድ ፕላኔት አምጣ፣ ፕላኔት ፍጠር፣ ፕላኔት ሰርዝ። (ማን ነበር በአንድ የፖስት ጥያቄ ፕላኔት ይፈጠራል ያለው?) አንድ ፕላኔት የሚያመጣውን ስትነኩ መሃል ላይ ማብራሪያው ይመጣል፤ የፕላኔቱ መለያ ቁጥር ግዴታ እንደሆነ፣ ዓይነቱም ሙሉ ቁጥር እንደሆነ ይነግራችኋል። በቀኝ በኩል ደግሞ ጥያቄው በኮድ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ከርል አልተመቻችሁም? ፓይተንን ምረጡ፤ ኮዱ ወዲያው በፓይተን ይቀየራል። ፒኤችፒ? ጎ? ጃቫስክሪፕት? ሁሉም አለ፤ ኮፒ አድርጎ መሄድ ነው። ከሥሩ የመልሱ ናሙና በጄሶን ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ማርስ ከነመግለጫዋ። የመሞከሪያውን ቁልፍ ስትጫኑ ሌላ መስኮት ይከፈታል። ቁጥሩን ሞልታችሁ ላክ ስትሉት ሰርቨሩ የመለሰው ኮድ፣ ሄደሮቹና መልሱ እዚያው ይዘረገፋሉ። ሆን ብላችሁ ቁጥር በሚሞላበት ቦታ ፊደል ብታስገቡም ሰርቨሩ ምን ብሎ እንደሚመልስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኔ እንጃ፣ ይህን አይቶ የማይፈነድቅ ዴቨሎፐር ካለ ልቡ ደርቋል!

ይህን ያህል ያስጨፈረኝ ውበቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሌላ ድርጅት ሲስተም ጋር አገናኝ ተብሎ ሥራ የተሰጠው ሰው ያውቀዋል። በቴሌግራም አንድ ፒዲኤፍ ይላክለታል፤ ስሙ ላይ «የመጨረሻ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፎበታል። ውስጡ ያለው የመልስ ናሙና ሰርቨሩ ከሚመልሰው ጋር አይተዋወቅም። ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ «ነገ ደውል»። የሚሞከር ዶክመንቴሽን ግን ለረጅም ጊዜ መዋሸት አይችልም። ፋይሉ ከኮዱ የሚወጣ ከሆነ፣ ኮዱ ሲለወጥ ሰነዱም አብሮት ይለወጣል፤ የተሳሳተ ነገር ቢኖርበትም የመጀመሪያው አንባቢ ቁልፉን በተጫነበት ደቂቃ ይጋለጣል። ሰነዱና እውነቱ አንድ ገጽ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ይህ ነው።

መቼም ሀሳቡ ከሰማይ አልወረደም። አባቱ ስዋገር ነው፤ ወርድኒክ በተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ይሠራ የነበረው ቶኒ ታም የጀመረው። ኤፒአይ የሚገለጽበት የስዋገር የአጻጻፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2015 በሊነክስ ፋውንዴሽን ሥር ላለ ማኅበር ተሰጠና በ2016 ኦፕንኤፒአይ ተባለ። ደንቡ የማንም ኩባንያ የግል ንብረት ባለመሆኑ ማንም የፈለገውን ማሳያ ሊሠራለት ይችላል፤ ሬዶክ አለ፣ ራፒዶክ አለ፣ ስቶፕላይት ኤለመንትስ አለ። ሬዶክ ለንባብ ያምራል፤ ነገር ግን በነጻ የሚሰጠው ላይ መሞከሪያ የለውም። ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ዶትኔት 9ን ሲያወጣ፣ ስዋገርን ይዞ ይመጣ የነበረውን ፓኬጅ ከመነሻ ፕሮጀክቱ አወጣው። ያኔ ነው ብዙ የሲሻርፕ ሰዎች ወደ ስካላር የጎረፉት።

አሁን ወደ ዋናው ደስታዬ ልምጣ፤ ያዙኝ! የኦፕንኤፒአይ ፋይል ማብራሪያዎች የሚጻፉት በማርክዳውን ነው፤ ጄሶን ደግሞ ዩኒኮድ ይቀበላል። ስለዚህ ማብራሪያውን በአማርኛ ጻፉት! ስካላር ፊደላችንን ሳያዛባ፣ ከነደማቅ ጽሑፉ፣ ከነሠንጠረዡ ያሳየዋል። ስልክ ቁጥር በሚሞላበት ቦታ «በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ይሁን» ብላችሁ ጻፉ። ቀን በሚሞላበት ቦታ «በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን አይቀበልም» በሉ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው ከስንት ሰዓት ራስ ምታት እንደምታድን አስቡት። ገና ኮድ መጻፍ የጀመረ ልጅ፣ የሚሞላውን ነገር በገዛ ቋንቋው አንብቦ፣ ቁልፉን ተጭኖ፣ መልሱን ሲያይ ይታያችሁ።

በደስታ ሰክሬ ጥንቃቄውን እንዳልዘልለው። ብራውዘር ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚሄድ ጥያቄን ሰርቨሩ ካልፈቀደ ያግዳል፤ ኮርስ የሚሉት ነው። እንግዲህ ሰርቨራችሁ ለገጻችሁ ፈቃድ ይስጥ። አለዚያ ጥያቄው በመካከል በሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ይሂድ፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ፕሮክሲ ከሆነ የእውነተኛ ደንበኞቻችሁን የኤፒአይ ቁልፍ በፍጹም አታሳልፉበት። ለመሞከሪያ የሙከራ ቁልፍና የሙከራ ሰርቨር አዘጋጁ፤ «ሰርዝ» የሚለው ጥያቄ እዚህ ገጽ ላይ የምሩን ይሰርዛል። ስክሪፕቱን ስትጠሩም የሥሪት ቁጥሩን ለይታችሁ ጻፉ፤ አለዚያ አዲስ ሥሪት በወጣ ቁጥር ገጻችሁ ሳታውቁት ይለወጣል። ኢንተርኔቱ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የስክሪፕቱን ፋይል አውርዳችሁ ከራሳችሁ ሰርቨር አቅርቡት፤ ይህንንም ይፈቅዳል።

አንድ ነገር ብቻ ከእናንተ ይፈልጋል፦ ማብራሪያ። የኦፕንኤፒአይ ፋይሉ ባዶ ከሆነ ገጹም ያማረ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ በጣም የምትጠየቁበትን አንድ ኤንድፖይንት ምረጡና፣ ደዋዩ ዘወትር ለሚጠይቃችሁ ጥያቄ መልሱን በማብራሪያው ቦታ በአማርኛ ጻፉት። ከዚያ ያችን የስክሪፕት መስመር አስገብታችሁ ሊንኩን ላኩለት። ይህን ሁሉ ያጮኸኝ ምን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።