የኤረር ግራር ላይ ያለው ሽመና

ኤረርን የሚያውቅ ሰው በፍል ውኃዋ፣ በፍራፍሬዋና በባቡር ጣቢያዋ ያውቃታል። ሀዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዚያ በኤረር በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ብረቱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። እኔ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ የሲቲ ዞን ፀሐይ ሳትከር በእግሬ ስወጣ፣ ቆሜ የማየው ሥራ ከሣር የተሠራና ግራር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሠሪው ሸማኔ ወፍ ነው። ገላው ቢጫ፣ ፊቱ የተቆላ ቡና መልክ ያለው ይህ ዓይነት በእንግሊዝኛ የሚጠራው በ1830ዎቹ አገራችንን በዞረው ጀርመናዊ ተጓዥ በሩፔል ስም ነው። ሥራውን ከመነሻው ለማየት ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ መምጣት ይሻላል፤ የደረቀ ሣር ሲያጥፉት ይሰበራል እንጂ አይታሰርም። ወንዱ የሣሩን ቅጠል ጠርዝ በምንቃሩ ቆንጠጥ ያደርግና እንደያዘው ብድግ ብሎ ይበራል፤ ቅጠሉ እየተተረተረ አንድ ረጅም ክር ይወጣዋል። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርስ ክሩን በአንድ እግሩ ይረግጣል፣ ጫፉን ያዞራል፣ በራሱ በክሩ ሥር ያሾልካል፣ ከማዶ ተቀብሎ ይስባል። ክሩ ከላላ ደግሞ ይስበዋል። ቋጠሮው ሲጠብቅ ሌላ ለማምጣት ይሄዳል።

ከቋጠሮዎቹ መጀመሪያ የሚወጣው ቀለበት ነው። ወፉ ቀለበቱ ውስጥ ይቆምና ሲሸምን እስከ መጨረሻው ከዚያ አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ምንቃሩ ከፊት እስከደረሰበት ድረስ የእንቁላሉን ክፍል ይሠራል፤ ወደ ኋላ ተንጋሎ እስከደረሰበት ድረስ ደግሞ ጣራውንና ወደ ታች የሚከፈተውን በር። ሜትሩ የራሱ ገላ ስለሆነ ቤቱ ከልኩ አይወጣም። የሰው ሸማኔ መጀመሪያ ድሩን ይዘረጋል፣ ከዚያ ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል። እዚህ የተዘረጋ ድር የለም፤ አሁን ድር የነበረው ክር ጥቂት ቆይቶ ማግ ይሆናል። እንዲህም ሆኖ ጨርቁ አይተረተርም።

ሲያልቅ ወንዱ በሩ ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጮኻል። ሴቷ ትመጣለች፣ ትገባለች፣ ክሩን ከውስጥ በምንቃሯ ጎተት ጎተት ታደርጋለች። እንዲህ ያለ ደንበኛ የገጠመው ሸማኔ በሸማ ተራም ያለ አይመስለኝም። ከወደደችው ለስላሳ ሣር ይዛ ተመልሳ ወለሉን ታነጥፋለች፤ ካልወደደችው ትሄዳለች። ቀኑ በገፋ ቁጥር አረንጓዴው ሣር ይገረጣል፣ ፈላጊም ያጣል። ያኔ ወንዱ የገዛ ሥራውን ፈትቶ ይጥልና እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ይጀምራል። ጠዋት ግራሩ ሥር የተበተነው ቡናማ ሣር ብዙው ይኸው ነው።

ሙያው ደግሞ በተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የሸማኔ ወፎችን ጎጆ ለብዙ ዓመታት አጥንተው፣ ሣር ሳይነኩ ያደጉ ወጣት ወንዶች በኋላ ሣር ሲሰጣቸው በቅጡ መሸመን እንደሚያቅታቸው አይተዋል። ከዛፉ ዳር ዳር ላይ ክሩ የተንዠረገገ፣ ጣራው ሳይገጥም የቀረ ጎጆ ካያችሁ የጀማሪ እጅ ሊሆን ይችላል ብላችሁ ገምቱ።

ራሰ ነጩ፣ ጅራቱ ሥር ቀይ ብርቱካናማ የሆነው ትልቁ ሸማኔ ሌላ ነው። እሾሃም ጭራሮ ይከምራል፤ ከሩቅ ነፋስ የሰበሰበው ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን በሩ ወደ ታች የዞረ ነው፣ እሾሁም እባብም ሆነ እጅ የማያስገባ አጥር ነው። ውበቱን አላመሰግንለትም፤ ብልሃቱን ግን አልክድም።

በዚሁ መንገድ ላይ ሌላም ሽመና አለ። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት፣ አቃል የሚሉት፣ የጎበጠ እንጨት ላይ ምንጣፍ ለብሶ የሚቆም ነው፤ ሲፈርስ ግመል ላይ ይጫናል። ምንጣፉ ከግራር ልጥም ይሠራል፤ ልጡን የምታለፋውም፣ የምትሸምነውም፣ ቤቱን የምታቆመውም ሴት ናት። ግራሩ ላይ ወንዱ ሠርቶ ሴቷ ትፈርዳለች፤ ግራሩ ሥር ሠሪዋም ባለቤቷም እሷው።

ሸማኔዎቹ ወልደው ሲበተኑ ጎጆው ባዶውን አይቀርም። ወንዱ አንገቱ ላይ ቀይ መቀነት ያለው አንድ ድንቢጥ የሚያክል ወፍ አለ፤ ከነሚስቱ አሮጌ የሸማኔ ጎጆ ይመርጥና ጥቂት ላባ ጨምሮበት ይገባል። ለሠሪው የሚከፍለው ኪራይ የለም።