የሕመምን መምጣት የሚያስታውቅ ሰዓት ለአርብ ገበያ ምን ይረባል?

በእጅ የሚታሰር ሰዓት የሐኪሙን ወይም የነርሷን መታመም ራሳቸው ሳያውቁት ያስታውቃል የሚሉ ጥናቶች በቅርብ ዓመታት ወጥተዋል። እኛም ከእነዚሁ ሁለቱን መርምረን፥ የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ በሆነችው በአርብ ገበያ ሁኔታ ልንመዝናቸው አስበናል።

አስቀድሞ ለሥራው የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ኮቪድ-19 በተስፋፋበት በእ.ኤ.አ. 2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበሽታው የተያዙ የ32 ሰዎችን የሰዓት መዝገብ ቢመረምሩ፥ በ26ቱ ላይ የልብ ምት፥ የእርምጃ ቍጥር ወይም የእንቅልፍ ለውጥ አገኙ። በኒውዮርክ የማውንት ሳይናይ ተመራማሪዎች ደግሞ 297 የጤና ሠራተኞችን በሰዓት ተከታትለው፥ በልብ ምቶች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት በሽታው በምርመራ ከመረጋገጡ 7 ቀን ያህል አስቀድሞ እንደሚለወጥ ገለጡ። ቴርሞሜትር የሚለካው በተጠየቀበት ሰዓት ብቻ ሲሆን፥ ይህ መሣሪያ ሌሊቱንም ስለሚከታተል ትንሹን ለውጥ ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች አላረኩንም።

አንደኛ፥ የስታንፎርዱ ውጤት በሽተኞቹ ከታወቁ በኋላ ወደ ኋላ የተነበበ መዝገብ ነው። ያለፈውን ማንበብና የሚመጣውን መናገር አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ፥ ሰዓቱ የሰውነት ልክ መለወጡን እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። በጋይንት ዐቢይ ጾም አለ፤ የበዓል ጠላና አረቄ አለ፤ ከበሽሎ ቆላ ወደ ደጋው ሽቅብ የሚያስኬድ ሥራ አለ፤ ወባና ታይፎይድም አሉ። እነዚህ ሁሉ የልብን ምት ሊለውጡ ይችላሉ። ደግሞም ሰዓቱ ምትን የሚለካው በብርሃን ነው። በብርሃን የሚሠራው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክስጅንን ማነስ ከነጮቹ ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ሳያይ እንደሚያልፍ በእ.ኤ.አ. 2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ በእኛ ቆዳ ላይ ሳይፈተን በሰዓቱ መታመን አይገባም።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ሰዓቱ ካስጠነቀቀ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የሚመደቡት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ብትቀር ክትባቱንም የነፍሰ ጡሮቹንም ክትትል ሌላይቱ ብቻዋን ትሸከማለች። ተተኪ ከሌለ፥ ደመወዝ ሳይነካ የሚታረፍበት ደንብም ካልጸና፥ ሠራተኛዪቱ ከሰዓቱ የምታተርፈው ጭንቀት ብቻ ነው፤ ምናልባትም አውልቃው ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። መዝገቡን አለቃዋ የሚያይባት ከሆነማ፥ ለጤናዋ የታሰረላት ሰዓት መቈጣጠሪያዋ ይሆናል።

ከውጭ በመጣ መሣሪያ ሁሉ ላይ ጕድለት ትፈልጋላችሁ የሚሉን ጓደኞች ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን መሣሪያው አይምጣ አላልንም። ፈተናው በዚሁ አገር፥ በሠራተኞቹ ፈቃድ ይደረግ፤ መዝገቡም የባለቤቱ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ጓንትና ጭንብል፥ ውኃና ሳሙና፥ ተተኪ ሠራተኛም ይሟሉ። እነዚህ ሳይሟሉ ሰዓቱን ማደል፥ ነርሷን መታመሟን ነግሮ እዚያው ሥራዋ ላይ መተው ነው።