ከበሮው እስኪነሣ

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ደግሞ የየት አገር ማኅሌት ነው?» አለችኝ እናቴ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ። ደብረ ማርቆስ፣ ቤታችን ውስጥ ነኝ። ከአንድ ባልንጀራዬ በተቀበልሁት ፍላሽ ላይ ያገኘሁትን ሙዚቃ በትንሿ ስፒከር ከፍቼዋለሁ።

«ማኅሌት አይደለም እማዬ፤ ፈረንሳዮች ናቸው። ጃዝና ሮክ የሚያደባልቁ።»

«ታዲያ መሪጌታቸው ማነው?»

ሳቅሁ እንጂ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሙዚቃ ሰውም ሰምቼ አላውቅም። መሪጌታው ድራም መቺው ነው። ክርስቲያን ቫንደር ይባላል፤ በጆን ኮልትሬን ሙዚቃ ፍቅር የነደደ ሰው ነው፤ ማግማ የተባለውን ባንድ እ.ኤ.አ. በ1969 ፓሪስ ላይ አቋቋመ። እናቴ የሰማችው በ1973 የወጣውን «መካኒክ ደስትሩክቲቭ ኮማንዶ» የተሰኘ አልበም ነው። ሰባት ክፍል አለው፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሥራ ነው፤ 40 ደቂቃ አይሞላም። የወንድና የሴት ድምፅ በኅብረት እየተነሣ ይወድቃል። ቋንቋው ፈረንሳይኛ እንዳይመስላችሁ። ቫንደር ራሱ የፈጠረው ነው፤ ኮባያን ይለዋል።

ያልገባቸውን ቃል መስማት ሌሎችን ግር ይላቸው ይሆናል፤ እኛ ግን ያደግንበት ነው። እናቴ ግእዝ አታውቅም። ዕድሜዋን ሁሉ ማኅሌት ቆማ ሰምታለች፤ እንባዋ የሚወርድበት ቦታ ግን አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ፈረንጅ የፈጠረውን ቋንቋ ከግእዝ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ የሚመሳሰለው ጆሮው ነው።

እኔ ድራም መቺና አቀናባሪ ነኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት የዜማ ተማሪ ነበርሁ፤ ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቤ፣ ከውሻ ጋር እየታገልሁ። ትምህርቱን አልጨረስሁም። እኛ ጎጃሜዎች ዲማንና ዋሸራን እየጠራን በቅኔ እንኩራራለን፤ በአቋቋም ግን ጎንደርና ደብረ ታቦር ይበልጡናል። (ይህን በመጻፌ የሚቀየመኝ የአገሬ ሰው አይጠፋም።) ሰው በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው አለቃ ገብረ ሐና እንኳ ሸምበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ ፈጠሩ ይባላል፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ስሙም «ተክሌ» ሆኖ ቀረ። አንድ አካሄድ ከአንድ ሰው ትከሻ ተነሥቶ አገር ሲያዳርስ እንዲህ ነው።

በማኅሌተ ጽጌ ሰሞን፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ይቆማል። የማርቆስ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ካህናቱ በቀኝና በግራ ትይዩ ናቸው። መሪጌታው ይመራል፣ አንዱ ወገን ይቀበላል፣ ሌላው ይመልሳል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ወለሉን ይነካል። ያው ዜማ ነው የሚደገመው፤ ከበሮው ገና መሬት ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ነው መረግድ የሚባለው፦ ከበሮው ይነሣል፣ ጸናጽሉ ይገባል፣ ምቱ ግን የተረጋጋ ነው። በመጨረሻ ጽፋት፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ሲጠራቀም ያደረው ሁሉ በአንዴ ይለቀቃል።

አንድ ሌሊት ከበሮው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ እንቅልፍና ጉጉት ተጋግዘው አታለሉኝ። ዝማሜው ሳያልቅ ሰፊውን አፍ አንድ ጊዜ መታሁት። ማንም አልተቆጣኝም። አንድ አዛውንት የመቋሚያቸውን ራስ ቆዳው ላይ በቀስታ አሳረፉና ዜማቸውን ቀጠሉ። ቆዳው ታፈነ። መቋሚያው ከዚያ የተነሣው ዝማሜው ካበቃ በኋላ ነው።

የቫንደርን ድራም ስሰማ ያ መቋሚያ ትዝ አለኝ። ክንዱ የፈለገውን መምታት የሚችል ሰው ነው፤ ነገር ግን ድምፃውያኑ አንዱን ሐረግ ይዘው ሲመላለሱበት እሱ ከሥር ይጠብቃቸዋል። ኃይሉ ከእነሱ እስኪመጣ አይቸኩልም። እኛ ባንድ ቤት የለመድነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ድራሙ ከመጀመሪያው ይጮሃል፣ ተቀባዮቹ የዘፋኙን የመጨረሻ ቃል ከኋላ ይደግማሉ። ቤት ማስዋቢያ አበባ በሉት። ምክንያቱም አይጠፋኝም፦ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የሌሊት ቤቶችን አዳከመ፤ ኋላም አንድ ኪቦርድ የስምንት ሰው ሥራ ወሰደ፤ ተቀባይ መቅጠር ቅንጦት ሆነ።

ፈረንሳዮች ወደኛ ሙዚቃ ሲመጡም ይህን የኅብረት ድምፅ በር አላንኳኩም። የሊዮኑ ባንድ ኡካንዳንዝ ከድምፃዊ አስናቀ ገብረየስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የሠራውን «ይቻላል» የተሰኘ አልበም እወደዋለሁ፤ ጊታሩና ሳክስፎኑ እሳት ናቸው፤ ድምፁ ግን የአንድ ሰው ነው። ወደ ማኅሌቱ ቀረብ ያሉት ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው፤ በቅዱስ ያሬድ ላይ ኦፔራ ሲደርሱ መቋሚያውን ከሙዚቃ መሪ ዱላ ጋር አነጻጽረውታል።

እኔም የኅብረት ድምፁን ሞከርሁ። መጀመሪያ በስንፍና፦ የአንዲት ዘፋኝ ድምፅ በኮምፒውተር ስምንት ጊዜ ደረብሁ። ውጤቱ እንደ ፕላስቲክ አበባ ሆነ። ስምንቱም በአንድ ቅጽበት ይተነፍሳሉ፤ ሰው እንዲያ አይተነፍስም። ሃያ ካህን አንድ ቃል ሲያነሣ አንዱ በፀጉር ስንጥቅ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ ዜማው ስፋት የሚያገኘው ከዚያች ስንጥቅ ነው።

ስለዚህ ስምንት ሰው ሰበሰብሁ፤ አራቱ የሠርግ ዘፋኞች ናቸው። ማርቆስ ውስጥ በተከራየናት ክፍል፣ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ማይክ ፊት አቆምኋቸው፣ አራቱን በቀኝ፣ አራቱን በግራ። የቤተ ክርስቲያኑን ቃል አልነካሁም፤ የወሰድሁት አሠራሩን ነው። ቃላቸው «ሆ» እና «እህ» ብቻ ነበር። ሦስት ዙር ያለ መሣሪያ እንዲዞሩ ነገርኋቸው። ባሲስቱ ተቁነጠነጠ፦ «ጋሼ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ እስኪሄድ ልንጠብቅ ነው?»

ከግራዎቹ ትልቋ፣ እትዬ፣ በየዙሩ ትንሽ ዘግየት እያሉ ይገባሉ። ቀራጩ ልጅ ወደ እኔ ዞረና «እትዬን ወደ ፊት ልጎትታቸው?» አለኝ በሹክሹክታ፣ አይጡን ይዞ።

«አትንካቸው።»

በአራተኛው ዙር ባሱ ገባ። እኔ ስቲኮቼን ጭኔ ላይ አጋድሜ ተቀምጫለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ ቀራጩ ራሱን ይዞ አየኝ። በእጄ ምልክት ሰጠሁት፣ ይቀጥል።