ከመቁጠር በፊት መመዝገብ፦ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራንን ተፅዕኖ ስለመለካት

የተመራማሪን ተፅዕኖ በጥቅስ ስለሚለካው ኤች-ኢንዴክስ ጉድለት ብዙ ተብሏል፤ ቀመሩ ስለሚቀለብበት ጥሬ ዕቃ ግን እምብዛም አልተባለም። ጥሬ ዕቃው መዝገብ ነው፦ የደራሲው ስም፣ የኅትመቱ ዓመት፣ የሥራው ቋንቋና ዓይነት። በማኅበራዊ ሳይንስ፣ ይልቁንም በኢትዮጵያ ጥናት መስክ፣ ዋናው ስሕተት የሚሠራው ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት እዚሁ መዝገብ ላይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ይህ ካልታየ ለመለኪያው የሚቀርበው ውዳሴም፣ የሚወርድበት ውግዘትም ዒላማውን ይስታል።

የጥቅስ ቆጠራን ታሪክ መነሻ አንባቢ ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ የጥቅስ ማውጫ ሐሳቡን ሲያቀርብ አርአያው «ሼፐርድስ ሳይቴሽንስ» ነበር። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ይጽና ይሻር የሚያጣሩት በዚህ ማውጫ ነው። ጋርፊልድም የፈለገው አንባቢ በእጁ የያዘውን ጽሑፍ ማን እንደተቸው፣ ማን እንዳረመው ፈልጎ እንዲያገኝ ነው። በ1960ዎቹ የሳይንሱ፣ በ1970ዎቹ የማኅበራዊ ሳይንሱ ማውጫ ተከተለ። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ኸርሽ ኤች-ኢንዴክስን አመጣ፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ሥራዎች ያሉት ተመራማሪ ቁጥሩ 20 ይሆናል። በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ መሣሪያው ከአንባቢው እጅ ወጥቶ ገምጋሚው እጅ ገባ። አንባቢው ጥቅሱን ተከትሎ ወደ ጽሑፉ ይሄድበት ነበር፤ ገምጋሚው ወደ ጽሑፉ ላለመሄድ ይጠቀምበታል።

የቀመሩ የራሱ ችግር ግልጽ ነው። ፊዚክስ በአጫጭርና በብዙ ጽሑፎች የሚሠራ ሙያ ነው፤ የታሪክ ምሁር፣ አንትሮፖሎጂስትና ሶሲዮሎጂስት ግን ዓመታት ፈጅተው መጽሐፍ ይጽፋሉ። ኤች-ኢንዴክስ ከሥራዎች ብዛት በላይ መውጣት ስለማይችል አንድ መጽሐፍ፣ መስኩ በሙሉ ቢጠቅሰውም፣ ለደራሲው ቁጥር ከአንድ በላይ አይጨምርም። ታደሰ ታምራት በ1972 በኦክስፎርድ ያሳተሙት፣ ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው የኢትዮጵያ ቤተ ክህነትና መንግሥት የሚተርከው መጽሐፍ የመካከለኛው ዘመን ጥናታችን ምሰሶ ነው። በቀመሩ ዓይን ግን ጉባኤ ላይ ቀርቦ በጥቂት ባልደረቦች ከተጠቀሰ አጭር ወረቀት እኩል «አንድ» ነው። ዳያና ሂክስ በ2004 የማኅበራዊ ሳይንስ ጽሑፍ አራት ዘርፍ እንዳለው አሳይታለች፦ የዓለም አቀፍ ጆርናል ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ በአገር ቋንቋ ለአገር ምሁራን የሚጻፍ ጽሑፍና ለሰፊው ሕዝብ የሚቀርብ ጽሑፍ። ትልልቆቹ ማውጫዎች በደንብ የሚያዩት የመጀመሪያውን ነው። በ2015 እሷና ባልደረቦቿ ያወጡት የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥሩ መርሆች ሦስተኛውን ለአካባቢ ጉዳይ ለሚሠራ ጥልቅ ምርምር ጥበቃ ማዋሉም ከዚሁ የመነጨ ነው።

እስከዚህ ያለው የታወቀ ሙግት ነው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ስም ነው። ጉዳዩ ከማዕረጉ በላይ ጊዜ ቢወስድብኝ አንባቢ ይታገሠኝ።

ኢትዮጵያዊ የራሱንና የአባቱን ስም ይይዛል እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። የጥቅስ ማውጫዎች ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ ባዶ እንዳይቀር አባት ይገባበታል። ስለዚህ ባሕሩ ዘውዴ በአንዱ ግርጌ ማስታወሻ ሙሉ ስማቸውን ይዘው ይቀርባሉ፣ በሌላው «ዘውዴ፣ ቢ.» ይሆናሉ፣ የአገሩን ልማድ በጨረፍታ የሰማ አርታኢ ደግሞ «ባሕሩ፣ ዜድ.» ያደርጋቸዋል። በላዩ ላይ የላቲን ፊደል አጻጻፍ አለ። «ታደሰ» ሲጻፍ «ዲ»ው ነጠላ ወይም ድርብ፣ «ኤስ»ዋም ነጠላ ወይም ድርብ ልትሆን ትችላለች፤ በዚህ ብቻ አራት ታደሰ ይወለዳል። አራቱ በሦስቱ የአሰያየም መንገድ ሲባዙ አንድ ምሁር አሥራ ሁለት መዝገብ ሊኖረው ይችላል።

ይህ የአጻጻፍ ንጽሕና ጥያቄ ብቻ ቢሆን ለአርታኢዎች ትቼው አልፍ ነበር። ነገር ግን ስሌቱን ያፈርሰዋል። አሥር ጽሑፍ ያለው፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ አሥር ጊዜ የተጠቀሰለት ምሁር እናስብ። ኤች-ኢንዴክሱ 10 ነው። አምስቱ ጽሑፎች በራሱ ስም፣ አምስቱ በአባቱ ስም ቢመዘገቡ ማውጫው ሁለት ሰው ያያል፤ የየአንዳንዳቸውም ቁጥር 5 ነው። ጽሑፎቹ አንድ ላይ ቆይተው የእያንዳንዳቸው ጥቅሶች እኩል ለሁለት ቢከፈሉም ውጤቱ ያው 5 ይሆናል። መለኪያው የጥቅሶች ጠቅላላ ድምር ቢሆን ኖሮ 50 እና 50 ደምረን 100ን እናስመልስ ነበር። ኤች-ኢንዴክስ ግን አይደመርም፤ የተሰነጠቀውን ሰው ለመጠገን ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ እንደ አዲስ መቁጠር ያስፈልጋል። ማለትም ቀመሩ በስም ስሕተት ሲሰነጠቅ በመደመር የማይጠገን ሆኖ ሳለ፣ ስማቸው በብዛት የሚሳሳትባቸውን ሰዎች ለመመዘን እንደ ዋና ሚዛን ተቀምጧል።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። «ከበደ፣ ኤ.» የሚል መዝገብ አበበን፣ አልማዝንና አስቴርን በአንድ ሰው ያጠቃልላል። ከእነዚህ አንዷ የሠራተኛ ገበያ የምታጠና ኢኮኖሚስት፣ ሌላው የስንዴ ተመራማሪ ቢሆኑ ማውጫው የማይገናኙትን አገናኝቶ ማንንም የማይመስል ታላቅ ሊቅ ይፈጥራል። አንዱ ስሕተት ሰውን ያሳንሳል፣ ሌላው ያገዝፋል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ ብሎ ለመጽናናት ግን ምክንያት የለም፤ ጉዳቱና ጥቅሙ የሚደርሱት ለተለያዩ ሰዎች ነውና።

ለችግሩ በቴክኖሎጂ በኩል መልስ ተሰጥቷል ይባላል። በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጣል፤ ጉግል ስኮላርም ባለቤቱ ገጹን ከፍቶ የተበታተኑ ሥራዎቹን በእጁ እንዲሰበስብ ይፈቅዳል። ሁለቱም ለሕያዋን፣ ያውም ኢንተርኔት ለለመዱ ሕያዋን ይጠቅማሉ። መስኩን ያቆሙት ትውልድ ግን አብዛኞቹ ይህን ዕድል ሳያገኙ አልፈዋል። መፍትሔው ማሽን እንዳልጠበቀ የሚያሳየው ከሐምቡርግ የተዘጋጀው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» ነው። ከ2003 እስከ 2014 በወጡት አምስት ቅጾቹ ኢትዮጵያውያንን በገዛ ስማቸው ተራ አስቀምጧቸዋል። ይህን ለማድረግ የተጠየቀው ሰውን በሚጠራበት ስም ለመጻፍ መወሰን ብቻ ነበር። ከአገር ውስጥ ጆርናሎቻችን አንዳንዶቹ የውጭ የአጻጻፍ መመሪያ እንዳለ ገልብጠው ኢትዮጵያዊን ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በአባቱ ስም ሲያስተዋውቁ ማየት ግን ያሳፍራል። ዓለም አላየንም ከማለታችን በፊት እኛው ራሳችንን እየሰወርን መሆኑ ሊታየን ይገባል።

የዓመቱ ነገርም ከዚህ አይርቅም። መስፍን ወልደ ማርያም «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ»ን ያሳተሙት በ2005 ዓ.ም. ነው። አንዱ ጠቃሽ 2005 ይላል፣ ሌላው 2012፣ ሦስተኛው 2013፤ አርእስቱን የሚተረጉም አለ፣ በላቲን ፊደል እንዳለ የሚጽፍም አለ። ይህ መጽሐፍ የታሪክ ምሁራኑንና ተራውን አንባቢ ባንድ ሙግት ውስጥ የከተተ ነው። ሙግቱ የተካሄደው ግን በአማርኛ መጽሔቶች፣ ጋዜጦችና መድረኮች ስለነበር ትልልቆቹ ማውጫዎች ጭራሽ አልሰሙትም። መስፍን በ1984 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የገጠር ኑሮና የረኃብ ተጋላጭነት ጥናት በውጭ ምሁራን ዘንድ ተጠቅሷል። ሁለቱን መጻሕፍት ያነበበ ሰው አንድ የጂኦግራፊ ምሁር አገሩን የተከራከረበትን ሙሉ ዕድሜ ያያል፤ ማውጫው የሚያየው ግማሹን ነው።

ስለ መርዕድ ወልደ አረጋይ ሳስብ ግን ብስጭቴ ይበርዳል። መርዕድ በ1971 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት፣ ከ1508 እስከ 1708 ስለነበረው የደቡብ ኢትዮጵያና የክርስቲያናዊው መንግሥት ግንኙነት የሚያጠናው የዶክትሬት ድርሰት በመጽሐፍ መልክ ሳይወጣ ቀርቷል። አሳታሚ የለውም፣ ኢምፓክት ፋክተር የሚባለው የጆርናሎች የጥቅስ መለኪያም የለውም። ሆኖም የ16ኛውንና የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ፣ የሚስማማም የማይስማማም፣ እዚያ በታይፕ የተጻፈ ጥራዝ ላይ ሳያርፍ ማለፍ ይቸግረዋል። እዚህ ላይ ጥቅስ ምን እንደሆነ ይገለጣል። በመግቢያ ላይ ከስምንት ስሞች ጋር በቅንፍ ተደርድሮ የሚጠቀስ ሥራ የጨዋነት ሰላምታ ተቀብሏል። ክርክሩ በሚዞርበት ገጽ ላይ ብቻውን የሚጠቀስ ሥራ ግን ሸክም ተሸክሟል። የመርዕድ ድርሰት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለተኛው ቦታ ነው። ቆጣሪው ሁለቱንም «አንድ» ይላል፤ የግርጌ ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ግን ልዩነቱን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያውቃል። ለአንድ ምሁር ከዚህ የበለጠ ክብር አላውቅም፤ ሰዎች ሊያገኙት እየተቸገሩ የሚፈልጉት ሥራ መጻፍ።

ታዲያ ከጥቅስ ወጥተን በማኅበረሰብ ላይ የደረሰውን ለውጥ እንለካ የሚሉ አሉ። ብሪታንያ በ2014ቱ የምርምር ግምገማዋ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ለታየ ተፅዕኖ 20 ከመቶ ሰጠች፤ በ2021 ወደ 25 አሳደገችው። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን የሚገጥመው ፈተና ዋለልኝ መኮንን ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ሳለ በ1969 በተማሪዎች መጽሔት በ«ስትራግል» ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣት አጭር ጽሑፍ በአቻ ገምጋሚ አላለፈችም። ነገር ግን ከእሷ ተነሥቶ እስከ 1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 መስመር የሚስሉ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ገሚሱ ሊያመሰግን፣ ገሚሱ ሊከስ። በተፅዕኖ ከተለካ በዘመናዊ ኢትዮጵያ ማኅበራዊ አስተሳሰብ ላይ የሚስተካከላት ፕሮፌሰር ማግኘት ይከብዳል። በማስረጃ አጠቃቀም ከተለካ ግን ዛሬ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ሆና የምታልፍ አይመስለኝም። ተፅዕኖና ጥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ለክቶ ሌላውን ለካሁ ማለት ተፅዕኖን በጥቅስ ከመለካት የባሰ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ ለራሳችን ሰዎችም አንድ መራራ ነገር መናገር አለብኝ። «ሥራችን በፈረንጅ ቁጥር አይለካም» የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም ማንም ያላነበበውን፣ ለማንም ያልተጻፈን ጽሑፍ መደበቂያም ሆኗል። ለደረጃ ዕድገት ነጥብ ሲባል ብቻ ገንዘብ አስከፍሎ በሳምንታት ውስጥ በሚያትም ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ የአገር ውስጥ ዕውቀት ስለሆነ አይደለም ያልተጠቀሰው። ቁጥሩ ዝቅ ያለበት ሁሉ መርዕድ አይደለም። እንዲያውም በትክክለኛ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ቆጠራ ለብዙ ዝምተኛና ጠንካራ ተመራማሪ መከታ በሆነ ነበር፤ በኮሚቴ ውስጥ ዘመድና ወዳጅ የሌለው ሰው ከአድልዎ የሚከላከልበት ነገር ያስፈልገዋል። ቆጠራን የምቃወም ሆኜ አልጻፍኩም። የምቃወመው ሰዎቹን ሳይለይ የሚቆጥረውን ነው።

ስለዚህ ከኤች-ኢንዴክስ የተሻለ ቀመር ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት ሦስት ነገር ቢደረግ እመርጣለሁ። ጆርናሎቻችን የኢትዮጵያውያንን ስም በሙሉና በተራው ያትሙ፣ የኅትመት ዓመቱንም ከነአቆጣጠሩ ያስፍሩ። ዩኒቨርሲቲዎች ያለፉትን ምሁራን ሥራዎች፣ ያልታተሙትን ድርሰቶችና የአማርኛ መጻሕፍቱን ጨምሮ፣ በአንድ አንድ ስም ሥር ሰብስበው ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ያኑሩ። ለዕድገት የሚያመለክተው ሰው ደግሞ የሥራዎቹን ዝርዝር ከማርዘም ይልቅ ሦስቱን መርጦ ያቅርብ፤ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሦስቱን አንብቦ ማን፣ የት ገጽ ላይ፣ ለምን ክርክር እንደተጠቀመባቸው በአንድ ገጽ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ ጊዜ የለኝም የሚል ኮሚቴ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ለመስጠትም ጊዜ ሊኖረው አይገባም።