ቦርከናና የተፋሰስ ሕጋችን

ሌሎች አገሮች የባሕር ጠረፋቸውንና የጠረፉን ሕዝብ ለመጠበቅ ስለሚያደርጉት ኅብረት የተጻፈውን ያነበበ ተማሪ፥ «እኛ ባሕር የለንምና ነገሩ አይመለከተንም» ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል። ነገር ግን የጠረፍ ሰው ችግር በመሠረቱ የታችኛው ሰው ችግር ነው፤ ከላይ ያለው የጣለውን ሁሉ ይቀበላል። እንዲህ ያለ ሰው በእኛም አገር አለ። ከደሴና ከኮምቦልቻ በታች፥ በጨፋ ረግረግ ዳርቻ ይኖራል።

ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ ከተማዪቱን ካለፈ በኋላ በገደሉ ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፥ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ስለሆኑ፥ የክረምቱ ጎርፍ ከላይ ያገኘውን ጠርጎ ለመውረድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ጨፋ ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱን ያጣና ይተኛል፤ የተሸከመውንም ደለል በዚያ ያራግፋል። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በዚህ ወንዝ የተጣለውን ወስዶ የሚያጠፋልን ውቅያኖስ የለም ማለት ነው።

ደሴ የምትልከው በአብዛኛው የቤት ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ ነው። ኮምቦልቻ ግን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ፥ ቆዳ፥ ቢራና ብረታ ብረት ይሠራባታል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም እንደ ሳሙና አረፋ ታይቶ የሚጠፋ አይደለም፤ ከደለሉ ጋር ይቀመጣል። ተመራማሪዎችም በከተማዪቱ ጅረቶች ውስጥ ለክተው አግኝተውታል። በጨፋ የኦሮሞና የአርጎባ ገበሬ ከብቱን ያጠጣል፤ በበጋም የአፋር አርብቶ አደር ሣር ፍለጋ መንጋውን እየነዳ ወደዚያው ይወጣል።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙትን ወንዞች አጠቃቀም ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጠ፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ የመሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን አስተዳደር፥ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት፥ ለክልሎች አደረገ። ስለዚህ ውሃው በአንዱ እጅ፥ ዳርቻው በሌላው እጅ ሆነ። ይህን ክፍተት ለመስፋት አዋጅ ቁጥር 534/1999 የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣኖችን አቋቋመ፤ አዋሽም የራሱን ባለሥልጣን አገኘ። በ2011 ዓ.ም. ባለሥልጣኖቹ በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተጠቃለሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ያም ራሱ ሥራውን ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር አስረከበ። የቢሮው በር ላይ ያለው ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደ ተለወጠ የሚቆጥር ሰው፥ ወንዙ ስንት ጊዜ እንደ ተለካም ቢጠይቅ መልካም ነበር።

የእኔ ዋና ነቀፌታ ግን በአዲስ አበባ ላይ አይደለም። «ነገሩ የክልሎች ጉዳይ ስለ ሆነ ከላይ መጠበቅ አለብን» የሚለው ማመካኛ በካርታው ፊት አይቆምም። ደሴ፥ ኮምቦልቻና ጨፋ ሦስቱም በአማራ ክልል ውስጥ ናቸው። ወንዙ የክልሉን ድንበር የሚሻገረው ጨፋን ካለፈ በኋላ ነው። በመካከል ያሉት ሁለት የከተማ አስተዳደሮችና ሁለት ዞኖች፥ ደቡብ ወሎና ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፥ ብቻ ናቸው። እነዚህን ለማስማማት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ሥራ ለሚሻ ከተማ ስለ ፍሳሽ መናገር ነውር የሚመስላቸው ጓደኞች አሉኝ። ፋብሪካው ይቁም ያለ ግን የለም፤ ያጣራ ነው የተባለው።

የራይን ወንዝ አገሮች በ1950 እ.ኤ.አ. የጋራ ኮሚሽን አቆሙ። ይሁን እንጂ በ1986 ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ ውሃው እስኪቀላና ዓሣው እስኪያልቅ ድረስ ሥራቸው ቀርፋፋ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ነው የጊዜ ገደብ ያለው ዕቅድ የያዙት። እንግዲህ ጉባኤ ማቆም ብቻውን አይበቃም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፥ ጥቅሜ ተነካ ሳይል፥ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ድንጋጌው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የክልሉ ዋና መሥሪያ ቤቶች ባሕር ዳር ናቸው፤ የአፋሩ አርብቶ አደር መንግሥት ደግሞ ሰመራ ነው። ከብቱ ጨፋ ላይ ሲታመምበት ለየትኛው ይጮኻል? ዘጠና ቀንስ በአንድ መስክ ይቆያልን?

ስለዚህ ሁለቱ ከተሞችና ሁለቱ ዞኖች አንድ የመለኪያ መዝገብ ይኑራቸው፤ ውሃው ከደሴ በታች፥ ከኮምቦልቻ በታችና ጨፋ መግቢያ ላይ በየወሩ ይለካ፤ ቁጥሩም በከሚሴ ገበያ ቀን በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በአፋርኛ ይነበብ።