የክረምት ፊልሞቻችን፤ ምርጡና መናኛው

በአዊ ዞን ክረምት ለገበሬው የሥራ፣ ለተማሪው ደግሞ የእረፍት ወቅት ነው። በ1990ዎቹ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ዳንግላ ስመጣ ከዝናብ የምጠለለው ቪዲዮ ቤት ነበር። በየክረምቱ ካየኋቸው ፊልሞች መካከል ሁለት ዓይነቶች ከአእምሮዬ አልወጡም።

መናኛ የምላቸው ገጠሬውን መሳቂያ የሚያደርጉትን የከተማ ኮሜዲዎች ነው። በእነዚህ ውስጥ ገበሬው እንደ ገጸ ባሕርይ አልተቀረጸም፤ ያለፈ ሕይወትም ሆነ የውስጥ ግጭት የለውም። ሳቁ የሚመነጨው ከአነጋገሩና ከአለባበሱ ብቻ ነው። እኔም ስቄአለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ግን ጋቢያቸው ከዝናቡ ያልደረቀላቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ እነርሱም ይስቁ ነበር። ለመሆኑ በማን ላይ?

ከምርጦቹ፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ ክረምት እንጅባራ ላይ ያየሁትን የኃይሌ ገሪማን ‹‹ጤዛ›› አስቀድማለሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን ተምሮ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ የተመለሰው አንበርብር፣ ዕውቀቱን ይዞ ለመንደሩ መፍትሔ ማምጣት ይሳነዋል። እርግጥ ነው፣ የፖለቲካው ክርክር አንዳንድ ቦታ ምልልሱን ያከብደዋል። ቢሆንም እዚህ የሚፈተነው ምሁሩ እንጂ ገበሬው አይደለም፤ እናቱና መንደርተኛውም የራሳቸው ሐሳብና ሐዘን አላቸው።

ስለዚህ መመዘኛዬ ቀላል ነው። መብራቱ ሲበራ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ዐይን ለማየት አፍራለሁ ወይስ አላፍርም?